ወደ መላላት የታሰረ ሽቦ

በፈረንጆቹ 1994 ነበር፤ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከልጄ ጋር መኖር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራ አልነበረኝም። አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በጥበቃ ሞክሬ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ተቀመጥ ሲለኝ እየቆምኩ፣ ቁም ሲለኝ እየተቀመጥኩ ተለያየን። ልጄ "አባዬ፣ አንተ እኮ አለቃ አይስማማህም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ከሃያ ዓመት በላይ በአለቃ ስር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በአየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት በእጄ ነው።

ልጄ የምትሠራው ለአረጋውያን ቤታቸው ድረስ አስታማሚ የሚልክ ኤጀንሲ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፦

"ካስትሮ ቫሊ አንድ ጀርመን ሽማግሌ አለ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዊልቸር ላይ ነው የሚውለው። ሦስት ኬርጊቨር አባርሯል" አለችኝ።

"ለምን አባረራቸው?"

"ያወራሉ ይላል።"

"እኔም አወራለሁ።"

"አንተ በእንግሊዝኛ አታወራም" ብላ ሳቀች።

እንደዚህ ነው የተቀጠርኩት። ጠዋት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ እደርሳለሁ። ከአልጋ አነሳዋለሁ፣ ጢሙን እላጨዋለሁ፣ አጃውን እቀቅላለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ። ማታና ቅዳሜ እሑድ ሌላ ሰው ይመጣለታል። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆች የሉትም።

በመጀመሪያው ቀን እየላጨሁት እጄን አየ። ሁለት ጣቶቼ ላይ ጠባሳ አለ።

"ይህ ምንድነው?"

"የሞተር ክዳን። የአውሮፕላን።"

"መካኒክ ነበርክ?"

"መካኒክ።"

እጁን ከፎጣው ስር አውጥቶ ዘረጋልኝ። "እኔም መካኒክ ነበርኩ። በዚያ በትልቁ ጦርነት፣ በጀርመን አየር ኃይል። ጥቁሮቹ ይሉን ነበር፣ ቱታችን ጥቁር ስለነበረ" አለና ፊቴን አይቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ እኔ ሰው ነገር ስጠይቅ አላሽሞነሙንም፣ ለማን ነበር የሠራኸው አልኩት።

"ለክፉ ሰዎች" አለ።

"እኔም ብዙ አልተሻልኩም" አልኩት።

እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ እለያለሁ። በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ እርስዎ ማለት ነበረብኝ። መካኒክ ነኝ ካለኝ በኋላ ግን በልቤም አንተ አልኩት። ሞተር ስር የተኙ ሰዎች እርስዎ አይባባሉም።

ጋራዡን እንደ ክፍል አድርጎታል። በግድግዳው ላይ ከጥቅል የተቆረጠ ቡናማ ወረቀት ከጣሪያ ጀምሮ ተለጥፏል። የድሮው አየር ኃይሉ አደረጃጀት ነው፤ ማን በማን ስር እንደነበር። እሱ ከወንበሩ መነሳት ስለማይችል ለሁለት ዓመት ሳይነካው ቆይቷል። ስለዚህ መሰላሉ ላይ የምወጣው እኔ ሆንኩ። እሱ ከታች ይነግረኛል፣ እኔ ሳጥኖቹን በማስመሪያ እስላለሁ፣ እሱ በትንሽ ወረቀት የጻፈልኝን ፊደል እያየሁ እገለብጣለሁ። ማንበቡ አስቸገረኝ እንጂ መሳሉ አላስቸገረኝም።

ከጣሪያው ስር የበላዩ አለ። ከእሱ በታች ሉፍትፍሎተ የሚሏቸው ትልልቆቹ የአየር ጦሮች፣ በቁጥር የሚጠሩ። እያንዳንዱ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አውሮፕላን አለ፤ ተዋጊው፣ ቦምብ ጣዩ፣ ቃኚው። ከዚያ በታች ኮር። ከኮሩ በታች ጌሽቫደር፤ መቶ ያህል አውሮፕላን ማለት ነው። ጌሽቫደሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ግሩፔ አለው፤ እያንዳንዱ ግሩፔ በራሱ ሜዳ ያርፋል። ግሩፔው ደግሞ ሦስት ሽታፍል፤ አንዱ ሽታፍል ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት አውሮፕላን። ይህን ሁሉ ዛሬም እንቅልፌን ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ከጎን በኩል ሌላ መስመር ነበር። እሱ ነው የገረመኝ። ሜዳው፣ ነዳጁ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዘበኛው የጌሽቫደሩ አይደለም። ሜዳው ያለበትን ግዛት የሚያስተዳድር የሌላ አለቃ ነው። አብራሪዎቹ ሜዳ ሲለውጡ ቤንዚኑም ወጥ ቤቱም ለዚያው አለቃ ይቀራል፤ እነሱ ሄደው ሌላ አለቃ ቤት ያርፋሉ።

"እንግዳ ሆኖ የሚዋጋ ጦር ነው እንግዲህ" አልኩት።

"ልክ ነህ። የሚያዘን አንድ፣ የሚያበላን ሌላ። የእናንተስ?"

"የኛ ሦስት አለቃ ነበረው። አንዱ ያዛል። ሁለተኛው ፖለቲካ ያስተምራል።"

"ሦስተኛውስ?"

"ሁለቱን ይጠብቃል።"

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "እኛ በሁለት ነው የተሸነፍነው፤ እናንተ በሦስት" አለኝ።

ወራት አለፉ። ሥዕሉ ወደ ታች ወረደ። አንድ ቀን ከመሰላሉ ወርጄ በጉልበቴ ተንበርክኬ የመጨረሻዎቹን ሽታፍሎች ስጨርስ ወረቀቱ አለቀ። ከታች የግድግዳው ሲሚንቶ ብቻ ቀረ።

"እኛስ የት ነን?" አልኩት።

"እነማን?"

"እኛ ነና። ቱታ ለባሾቹ።"

"ወረቀቱ አለቀ።"

"ጥቅሉ እዚያ ጥግ አለ፣ ልቀጥልበት።"

"አያስፈልግም። ከዚያ በታች ያለው የትም ቦታ አንድ ነው" አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ቆረቆረኝ። እኔን የነበርኩበትን ቦታ ሳል ቢሉኝ ከታች ነው የምጀምረው። ከመሣሪያ ሳጥኑ። ከዚያ አብሮኝ የሚሠራውን፣ ከዚያ አውሮፕላኑን፣ ከዚያ የወርክሾፑን ኃላፊ። የበላዩን የማውቀው በመኪናው ነው፤ ሲያልፍ ቆመን ሰላምታ እንሰጣለን። ይህ ሰውዬ ግን የበላዮቹን ሁሉ በየወሩ ማን ማንን እንደተካ ጭምር ያውቃል፤ አብሮት ሞተር የፈታውን ሰው ስም ስጠይቀው ረሳሁት አለኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

የኔን ነገር የነገርኩት በዚያ ሰሞን ነው። እየላጨሁት ነበር። ፊቱ ሁሉ ሳሙና ነው፣ መናገር አይችልም፤ ለዚያ ይሆናል የቀለለኝ።

አንድ አበልጅ ነበረኝ አልኩት። የልጄ የክርስትና እናት ባል። አሥራ ሁለት ዓመት ከአንድ የመሣሪያ ሳጥን ሠርተናል፤ እኔ እጄን ስዘረጋ ቺያቬውን ሳልጠይቀው ያቀብለኛል። የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ ወረቀት መጣ። ከየወርክሾፑ ሰው ጠመንጃ ይዞ ግንባር ይሂድ የሚል። የሱ ስም አለበት፣ የኔ የለበትም። እኩል ነው የተቀጠርነው፣ ማዕረጋችን እኩል ነው። ካቻቪቴውን እጄ ላይ አስቀምጦ "ስመለስ እወስደዋለሁ" አለኝ። አልተመለሰም። ልጄ ትንሽ ስለነበረች በበሽታ ሞተ አልኳት። እስከዛሬ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ያን ወረቀት ማን ጻፈው? ከሁለታችን እንዴት አድርጎ መረጠ?

ሳሙናውን ጠረግሁለት። እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ።

"እኔንም ልከውኛል" አለ። "የአየር ኃይሉ የበላይ ትርፍ ሰዎቹን ለምድር ጦር አልሰጥም አለ። እዚያው በራሱ መኮንኖች ስር ክፍለ ጦር አደረገን፤ መኮንኖቹ ደግሞ የምድር ውጊያ አያውቁም። መካኒክ፣ ሹፌር፣ ጸሐፊ፣ ሁላችንም በረዶ ውስጥ። ከኔ ሽታፍል ሦስት ሰው ተመለስን። እኔም ያን ወረቀት የጻፈውን ሰው ባገኘው እላለሁ።"

ያን ቀን አብሬው ምሳ በላሁ። ከዚያ በፊት የኔን ምሳ በረንዳ ላይ ነበር የምበላው። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር የነገርኩት ሰው ነው፤ ደግሞም የገባው ሰው። ወደ ኦክላንድ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የሽቦው ነገር መጣ። ከበሩ ወደ መንገዱ የሚያወርድ መወጣጫ አለ፤ ወንበሩ እዚያ ላይ ሲንገጫገጭ የፍሬኑ ብሎን ይላላል። እኔ የብሎኑን ራስ በድሪል በስቼ እንደ ሞተር ብሎን በሽቦ አሰርኩት። አየር ላይ ብሎን ከላላ ወርደህ አታጠብቀውም፤ ስለዚህ በሽቦ ይታሰራል። ሽቦው የሚታሰረው ብሎኑን ወደ መጥበቅ እንዲጎትት ነው። ብሎኑ ልላላ ሲል ሽቦው እምቢ ይለዋል። በተቃራኒው ካሰርከው ሽቦው ራሱ ያላላዋል። ይህን ያጠፋ ተማሪ እኛ ዘንድ በሁለተኛ ሳምንቱ ጥፊ ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት አይሳሳትም።

አንድ ሰኞ ስገባ አልጋው ላይ ሆኖ ደስ ብሎት ጠበቀኝ።

"ሽቦህ ትናንት ተበጠሰ። ራሴ ሠራሁት" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አገማመዱ የሚያምር ነው፣ እኩል እኩል። ወደ መላላት ነው የሚጎትተው።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት።

ዓይኑ ደክሟል፣ ምን አድርጎ ያየዋል እያልኩ ለራሴ መለስኩ። ፈትቼ ባስረው የሚያፍር መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሱ ሳያየኝ ብሎኑን በጣቴ አጠብቅለት ነበር። ስንት ወር። የሰውን ውሸት በገዛ ጣቴ እያጠበቅሁ መሆኑን አላወቅሁም።

በጸደይ አንድ ሐሙስ "ዛሬ አላሜዳ ሄደህ መነጽሬን አምጣልኝ። አትቸኩል፣ ቀኑን ሙሉ ያንተ ነው" አለኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ ያንተ ነው ብሎኝ አያውቅም። ሄድኩ። መነጽሩ አልደረሰም፤ ሰኞ ና አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የት ልዞርበት ነው፣ ተመለስኩ። ከምሳ በፊት ደረስኩና እንደ ልማዴ በወጥ ቤቱ በር ገባሁ። የጋራዡ በር ክፍት ነው። ውስጥ ሰው አለ።

ስለዚያ ጦርነት አየር ኃይሎች የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከሳን ሆዜ ነው የመጣው። ይህንን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው።

"ሻለቃ፣ ይህ ሥዕል ድንቅ ነው። ብቻዎን ነው የሠሩት?"

"ብቻዬን። አስታማሚው መሰላል ላይ ይወጣልኛል።"

ሻለቃ የሚለውን ሰማሁ። ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ሐኪም ሲያናግረኝ ልጄ ናት የምታስረዳኝ። የዚህን ክፍል እንግሊዝኛ ግን አንድ ቃል አልሳትም፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

"እርስዎ የነበሩት እዚህ ነው?" አለ ሰውዬው። ወረቀቱን በጣቱ ሲመታው ተሰማኝ።

"አዎ፣ በአየር ጦሩ መምሪያ። ከየግሩፔው ስንት የምድር ሠራተኛ ቢነሳ አውሮፕላኖቹ መብረር እንደማያቆሙ ያሰላሁት እኔ ነኝ።"

"ለአዲሶቹ ክፍለ ጦሮች?"

"ለእነሱ።"

"እርስዎ ግንባር ሄደው አይተዋቸዋል?"

"የለም። እኔ በረዶውን አላየሁትም። እኔ ያየሁት ቁጥሩን ነው።"

ወጥ ቤት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ሲል፣ ካሴት ሲገለበጥ፣ እንደገና ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሰውዬው አመስግኖ በፊት ለፊት በር ወጣ። መኪናው ዳገቱን ሲወርድ ጠበቅሁና ወደ ጋራዡ ገባሁ።

እኔን ሲያይ እጁን ወደ ጎማው ላከ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"መቼ መጣህ?" አለ።

"መነጽሩ አልደረሰም።"

"ሻለቃ ነበሩ" አልኩት። እርስዎ አልኩት በልቤ። ለአክብሮት አይደለም።

"ነበርኩ።"

"ለምን ዋሹኝ?"

"መካኒክ ነኝ ባልልህ ታወራኝ ነበር?"

"አላወራዎትም ነበር።"

"ይኸው።"

"እሱ የእኔ ምርጫ ነበር። እርስዎ ወሰዱብኝ" አልኩት። "ያን ወረቀት የጻፈውን ባገኘው አሉኝ። እጄን ይዘው። ሳሙና ፊትዎ ላይ እያለ ያመንኩዎትን፣ ሳሙናው ሲጠረግ ዋሹኝ።"

"ዛሬ እውነቱን ሰምተሃል።"

"ዛሬ ለእኔ አልነገሩም። ለቴፑ ነው የነገሩት።"

እኔ ግትር ነኝ፤ ተናድጄም ቢሆን የምፈልገውን ሳላገኝ አልሄድም። ስንት ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እፊቴ ተቀምጧል። "እንዴት ነው የምትመርጡት? ከሁለት እኩል ሰው አንዱን?" አልኩት።

አስተማሪ ሆነ እንደገና። ወደ ግድግዳው ዞረ።

"እኛ ሰው አንመርጥም። ቁጥር ነው የምንጽፈው። ይህን ያህል ሰው ከዚህ ኮር እንላለን። ኮሩ ለጌሽቫደሩ ያካፍለዋል፣ ጌሽቫደሩ ለግሩፔው፣ ግሩፔው ለሽታፍሉ። እስከ ታች ድረስ ቁጥር ነው የሚወርደው።"

"ስሙንስ? ስሙን ማን ይጽፈዋል?"

ጣቱን ከወረቀቱ በታች ወዳለው ባዶ ሲሚንቶ ቀሰረ። "እዚያ ያለው። ስም የሚጽፈው ፊታቸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላ ማን ይችላል?"

የሚያጽናናኝ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን አንድ ፊት መጣብኝ። የወርክሾፓችን ኃላፊ። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር። የአበልጄ መርዶ ሲመጣ ድንኳን ያስተከለው፣ ውሃ ሲያመላልስ የዋለው፣ እኔ ሳለቅስ አቅፎ ያጽናናኝ እሱ ነው። የበላዮቹን ስንረግም አብሮን ይረግም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ኖሬ፣ ስሙን የጻፈው ሰው እጅ ከኔ እጅ ጋር አንድ ትሪ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ የት ላይ እንዳለቀ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ምሳውን ሰጠሁት። መድኃኒቱን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሰዓቴ ሲደርስ ካፖርቴን ለበስኩ።

"ነገ ትመጣለህ?" አለኝ።

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ እራት ላይ እንዲህ አልኳት፤ "አበልጄ በበሽታ አይደለም የሞተው።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አውቃለሁ አባዬ። እማዬ ገና ድሮ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ማወቅሽን እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች። እስኪነግርሽ ጠብቂ አለችኝ።"

ስትጠብቀኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ ሄጄ ለሻለቃው ነገርኩት። ስለ ሰውዬው ሁሉንም ነገርኳት፣ ሌላ ሰው ፈልጉለት አልኳት። "ነገ በሁለት ሰዓት አንድ ሰው እልካለሁ፤ አንተ አትሂድ" አለችኝ።

"የምጨርሰው ሥራ አለኝ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። ፒንሳና ሽቦ በኪሴ ይዣለሁ። እሱ አልጋው ላይ ነቅቶ ነበር፤ ወንበሩ ከጎኑ ቆሟል። ደህና አደሩ አልኩና ወንበሩን ገለበጥኩት። የእሱን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩት። ብሎኑን እስከ ጫፉ አጠበቅሁ። አዲሱን ሽቦ በቀዳዳው አሳልፌ ወደ መጥበቅ ጎትቼ ገመድኩት፣ ጫፉን እጁን እንዳይወጋው ወደ ውስጥ አጠፍሁት።

ትራሱ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና "ምን አጥፍቼ ነበር?" አለኝ።

"የሁለተኛ ሳምንት ተማሪ ያውቀዋል" አልኩት።

ወንበሩን አቁሜ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አጃውን ቀቀልኩ። ሁለት ሰዓት ላይ የተላከችው ሴት መጣች፤ ቁልፉን በእጇ ሰጥቼ፣ መወጣጫው ላይ ቀስ ብላ እንድታወርደው ነግሬያት ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።